ቀለም ከመቀባቱ በፊት

ገበያ ወጥታ እንስራ ወይም ምጣድ የምትገዛ ሴት ገንዘቧን ከመቍጠሯ በፊት ዕቃውን በጣቷ አንኳኩታ ድምፁን ታዳምጣለች። ድምፁ ጥርት ብሎ የጮኸ እንደ ሆነ ትገዛዋለች፤ የታፈነ ድምፅ የሰጠ እንደ ሆነ ግን ሻጩ ምንም ቢምል ቢገዘት መልሳ ታስቀምጠዋለች፤ ዓይን ያላየው ስንጥቅ በውስጡ እንዳለ ጆሮዋ ነግሯታልና። ዕቃውን አልሰበረችውም፤ አልፋቀችውም፤ እንዲሁ እንዳለ መረመረችው እንጂ። ዛሬ ድልድይና ፎቅ፣ መርከብና የነዳጅ ማጠራቀሚያ የሚሠሩ መሐንዲሶች የተበየደውን ብረት ሳይሰብሩ የሚመረምሩበት ጥበብ ሥሩ ከዚህች ሴት ጥበብ ብዙ የራቀ አይደለም። ልዩነቱ በሌላ ነው። ሴትዮዋ የምትመረምረው የራስዋን ገንዘብ ከማውጣትዋ በፊት ሲሆን፣ ምጣዱ ቢሰነጠቅም የሚጐዳው የራስዋ እንጀራ ነው። የብረቱ ሥራ ግን ብዙ ጊዜ የሚመረመረው በሌላ ሰው ገንዘብ ነው፤ ቢሰበርም የሚሞተው ሌላ ሰው ነው።

ቀድሞ ብረት ከብረት የሚያያዘው በጋለ ችንካር ነበር። ተቈጣጣሪውም በመዶሻ እያንዳንዱን ችንካር እየመታ የላላውን ከጠበቀው ይለይ ነበር። ችንካር በተመታበት ሥራ አንዱ የብረት ገበታ ቢሰነጠቅ ስንጥቁ ከገበታው ጠርዝ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ይቆማል። በብየዳ የተያያዘ ብረት ግን እንደ አንድ አካል ስለሆነ ስንጥቁ የሚያቆመው ሳያገኝ ከዳር እስከ ዳር ሊሮጥ ይችላል። ይህም በ1943 ዓመት (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነው) በአሜሪካ በኦሬጎን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ ታየ። ስኬኔክታዲ የተባለችው አዲስ የነዳጅ መርከብ የባሕር ፈተናዋን ፈጽማ፣ ማዕበል በሌለበት ውኃ ላይ በወደቡ ታስራ ቆማ ሳለች፣ በጃንዋሪ ወር ሌሊት በታላቅ ድምፅ ከመካከልዋ ተሰበረች። ማንም አልነካትም፤ ጠላትም አልመታትም። ብርዱ፣ የብረቱ ዓይነትና የብየዳው ጉድለት ባንድነት ሰበሯት። በዚያው ዘመን በብየዳ ከተሠሩት ብዙ የጦር ዘመን መርከቦች ሌሎችም እንዲሁ ተሰነጠቁ፤ የብየዳ ምርመራ እንደ ከባድ ነገር የተቈጠረው ከዚያ በኋላ ነው ማለት ይቻላል።

ነገር ግን ለባለሥልጣኖችና ሥራ ለሚያሠሩ ሁሉ ከመርከቢቱ ይልቅ የሚጠቅመው ምሳሌ በ1980 ዓመት በሰሜን ባሕር የደረሰው ነው።

አሌክሳንደር ኪላንድ የተባለው፣ በኖርዌያዊው ደራሲ ስም የተሰየመው ተንሳፋፊ መድረክ፣ በባሕር ውስጥ ነዳጅ የሚያወጡ ሠራተኞች የሚያድሩበት ቤት ነበር። አምስት ታላላቅ እግሮች ነበሩት፤ እግሮቹንም እርስ በርስ የሚያያይዙ ወፋፍራም የብረት ቱቦዎች ነበሩ። በማርች 27 ቀን በምሽት፣ ነፋሱና ማዕበሉ በበረታበት ሰዓት፣ 212 ሰዎች በላዩ ሳሉ፣ ከነዚያ ቱቦዎች አንዱ ተሰበረ። የእርሱ ሸክም ወደ ሌሎቹ ተላለፈና እነርሱም ተከታትለው ተሰበሩ፤ አንዱ እግር ፈጽሞ ተለየ። መድረኩ ወዲያው ጋደለ፤ ጥቂት ደቂቃም ቆይቶ ተገለበጠ። 123 ሰዎች ሞቱ።

የኖርዌይ መንግሥት መርማሪ ኮሚሲዮን አቁሞ ነገሩን ባስመረመረ ጊዜ የተገኘው እንዲህ ነው። የተሰበረው ቱቦ ስፋቱ 2 ሜትር ከ60 ሳንቲሜትር፣ የብረቱ ውፍረት 26 ሚሊሜትር ነበር። እንዲህ ያለው ቱቦ በራሱ ድካም አልተሰበረም። በቱቦው ላይ ከባሕር ውስጥ ድምፅ የሚቀበል አንድ መሣሪያ የሚይዝ ትንሽ ማቀፊያ ተበይዶበት ነበር፤ የብየዳውም ስፌት 6 ሚሊሜትር ብቻ ነበር። መሐንዲሶቹ ይህን ማቀፊያ እንደ ተጨማሪ ዕቃ እንጂ እንደ መድረኩ አካል አልቈጠሩትም። ስለዚህም ታላላቆቹ መጋጠሚያዎች የተሰጣቸውን ያህል ሐሳብ ማንም አልሰጠውም። ስንጥቁ የጀመረው ከዚያች ትንሽ ስፌት ነው፤ ማዕበሉ በየጊዜው በገፋው ቍጥር ጥቂት ጥቂት እያለ ቱቦውን ዞረ።

ከሁሉ የሚያስደነግጠው ግን ሌላ ነው። የተሰበረው ፊት በተመረመረ ጊዜ በስንጥቁ ውስጥ ቀለም ተገኘ። ቀለም በባሕር ላይ በራሱ ወደ ብረት ውስጥ አይገባም፤ የሚገባው በሚቀባበት ቀን ብቻ ነው። እንግዲህ ስንጥቁ መድረኩ በተሠራበት ስፍራ፣ ገና ባሕር ሳይነካው፣ ነበረ ማለት ነው። ቀለም ቀቢው ብሩሹን ባሳለፈ ጊዜ ስንጥቁን ሸፈነው፤ ከዚያም በኋላ አራት ዓመት ያህል ሰው ሁሉ በላዩ ተመላለሰ።

ይህ ነገር አንድ ጊዜ ብቻ የደረሰ እንዳይመስል፣ በአውስትራልያ በሜልቦርን ከተማ የኪንግስ ድልድይ በተከፈተ በዓመቱ፣ በጁላይ ወር 1962፣ የከባድ መኪና ሸክም በላዩ ሲያልፍ ከሥሩ ተሰነጠቀ። በዚያም ስንጥቆቹ የጀመሩት ለማጠናከሪያ ተብሎ በተጨመረው የብረት ገበታ ጫፍ ካለው ብየዳ ሲሆን፣ አንዳንዶቹ ብረቱ ከፋብሪካ ሳይወጣ የነበሩ መሆናቸው ተረጋግጦአል። በሁለቱም ስፍራ የምርመራ መሣሪያ አልጠፋም፤ የዕውቀትም ችግር አልነበረም። የጠፋው በትክክለኛው ቀን በትክክለኛው ስፍራ የሚያይ ሰው ነው።

መሣሪያዎቹ ምን ዓይነት እንደ ሆኑ ሥራውን የሚረከብ ሹም በጥቂቱ ሊያውቃቸው ይገባል፤ የማያውቀውን ነገር ጠይቆ ሊቀበል አይችልምና።

ከሁሉ የሚቀድመው ዓይን ነው። በመልካም ብርሃን፣ በመለኪያና በመስተዋት የሚያይ የተማረ ዓይን ከጉድለቱ ብዙውን ያገኛል፤ በስፌቱ ዳር የተቦረቦረውን፣ አረፋ የበሳውን፣ መጠኑ ያነሰውን፣ ሳይሞላ የቀረውን። ይህ ምርመራ ዋጋው ትንሽ ስለሆነ ብዙ ሰው ይንቀዋል። መናቁ ስሕተት ነው፤ በዓይን ምርመራ ያላለፈ ስፌት ወደ ሌላው መሣሪያ ሊቀርብ አይገባውም።

ሁለተኛው የድሮ ባቡር ሠሪዎች ያወጡት ዘዴ ነው። ብረቱን በዘይት ነክረው በደንብ ከጠረጉት በኋላ ኖራ የመሰለ ነጭ ዱቄት ይቀቡት ነበር። በስንጥቁ ውስጥ የቀረው ዘይት ቀስ ብሎ ወደ ነጩ ይወጣና ስንጥቁን እንደ መስመር ይጽፈዋል። ዛሬ በዘይቱ ፈንታ ደማቅ ቀይ ቀለም ገብቶአል፤ ሥራው ግን ያው ነው። ሦስተኛው ዘዴ ማግኔት ነው፤ ብረቱን ማግኔት አድርገው ደቃቅ የብረት ዱቄት ሲነሰንሱበት ዱቄቱ በስንጥቁ ላይ ተሰብስቦ ይታያል። እነዚህ ሁለቱ ዘዴዎች የሚያሳዩት ወደ ላይ የወጣውን ወይም ለገጽ የቀረበውን ስንጥቅ ነው፤ በጥልቁ ውስጥ ያለውን አያገኙትም። ይሁን እንጂ እንደ ኪላንድ ያለውን በገጽ የነበረ ስንጥቅ፣ ቀለም ሳይቀባ በፊት የሆነ ሰው ቢፈልገው ኖሮ፣ በነዚህ በአንዱ ሊያገኘው በቻለ ነበር።

አራተኛው ራጅ ነው። ሮንትገን በ1895 ዓመት ያገኘው ጨረር የሰውን አጥንት እንደሚያሳይ ሁሉ የብረቱንም ውስጥ በፊልም ላይ ያሳያል። በመስክ ላይ በመኪናው ፈንታ ኢሪዲየም የተባለ ጨረር የሚያወጣ ማዕድን በእርሳስና በመሰለው ከባድ ነገር ተሸፍኖ ይሠራበታል። ራጅ አረፋንና በስፌቱ ውስጥ የቀረውን ቅርፊት አጥርቶ ያሳያል። ፊልሙም በመዝገብ ስለሚቀመጥ ከዓመታት በኋላ ሌላ ሰው ሊያየው ይችላል፤ ለመንግሥት ሥራ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ቀጭን ስንጥቅ ለጨረሩ ጐኑን ሰጥቶ የተኛ እንደ ሆነ በፊልሙ ላይ ምልክት ሳይተው ያልፋል። ደግሞም ጨረሩ ሰውን ይጐዳል። በ1999 ዓመት በፔሩ አገር በያናንጎ የኤሌክትሪክ ኃይል ጣቢያ አንድ በያጅ ከመሣሪያው የወደቀውን የኢሪዲየም ቍራጭ ምን እንደ ሆነ ሳያውቅ አንሥቶ በኪሱ ከተተው፤ በዚህም አንድ እግሩን አጣ። ስለዚህ በማናቸውም ስፍራ ይህን መሣሪያ የሚያስገባ አሠሪ ማዕድኑ ሥራው ሲያበቃ ወደ ማኅደሩ መመለሱን በመለኪያ የሚያረጋግጥ ሰው መኖሩን አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

አምስተኛው የገበያዋን ሴት የሚመስለው ነው። ሰው የሚሰማው ድምፅ በሰከንድ እስከ 20,000 ጊዜ የሚንቀጠቀጠውን ነው፤ በብረት ውስጥ የሚላከው ድምፅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ሚሊዮን ጊዜ የሚንቀጠቀጥ ስለሆነ ጆሮ አይሰማውም። ይህን ሐሳብ በ1928 ዓመት የሩሲያው ሊቅ ሶኮሎቭ አቀረበው፤ የገደል ማሚቶ እንደሚመለስ ድምፁ ከጉድለቱ ላይ ተመልሶ የሚሰማበትን መሣሪያ ደግሞ በአሜሪካ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ፋየርስቶን በ1940ዎቹ መጀመሪያ አወጣው። ድምፁ በስላች ወደ ስፌቱ ይላካል፤ በመንገዱ ስንጥቅ ያገኘ እንደ ሆነ ይመለሳል። ለመመለስ የወሰደው ጊዜ ተቈጥሮ ጉድለቱ ያለበት ጥልቀት ይታወቃል። ራጅ የሚስተውን ቀጭን ስንጥቅ ይህ መሣሪያ ብዙ ጊዜ ያገኘዋል። ሆኖም ማሚቶውን የሚተረጕመው ሰው ነው፤ መሣሪያው ያሳያል እንጂ አይፈርድም።

በዚህም ነገር በአሜሪካ በካሊፎርኒያ የሆነው ሊታሰብ ይገባዋል። በጃንዋሪ 17 ቀን 1994 የኖርዝሪጅ የመሬት መንቀጥቀጥ ከደረሰ በኋላ፣ በብየዳ ከተያያዙት የብረት ፎቆች ከመቶ በሚበልጡት ላይ አግዳሚውና ቋሚው ብረት የሚገናኙበት ስፌት ተሰንጥቆ ተገኘ። ፎቆቹ አልወደቁም። ከውጭ ሲታዩም ብዙዎቹ ደኅና ይመስሉ ነበር፤ ስንጥቁ ከግድግዳውና እሳት ከሚከላከለው ልባስ በስተኋላ ተሰውሮ ነበርና። የተገረሙት መሐንዲሶች ናቸው፤ እንዲህ ያለው አሠራር ብረቱ ይጐብጣል እንጂ አይሰበርም ተብሎ ይታመንበት ነበርና።

እነዚያ ስፌቶች ሲሠሩ በድምፅ ሞገድ ሳይመረመሩ የቀሩ አልነበሩም። ነገር ግን በያጁ ቀልጦ የሚወርደውን ብረት ለመያዝ ከስፌቱ ሥር የሚያኖረው የብረት ርብራብ ሳይነሣ እዚያው ይቀር ነበር። ርብራቡና ስፌቱ ከሚገናኙበት ስፍራ የሚመለሰው ማሚቶ ከስንጥቅ ማሚቶ ጋራ ስለሚመሳሰል መርማሪው አንዱን ከሌላው ለመለየት ይቸገራል። ደግሞ በታችኛው ስፌት መካከል የአግዳሚው ብረት ግድግዳ መንገዱን ስለሚዘጋ፣ ድምፁ ሳይደርስበት የሚቀር ስፍራ ነበር። ከመንቀጥቀጡ በኋላ እንደገና በተመረመረ ጊዜ ከተገኙት ትንንሽ ጉድለቶች ብዙዎቹ መንቀጥቀጡ ያመጣቸው ሳይሆኑ ከመጀመሪያው፣ ከተበየዱበት ቀን ጀምሮ የነበሩ መሆናቸው ታወቀ። ከዚህ የተነሣ በ2000 ዓመት የወጣው የአሜሪካ መንግሥት መመሪያ የምርመራውን ደንብ ብቻ አላሻሻለም፤ የታችኛው ርብራብ ተነሥቶ ሥሩ እንዲጸዳና እንዲሞላ፣ የሚበየድበትም ብረት በቶሎ የማይሰበር ዓይነት እንዲሆን መከረ። ለመርማሪ የማይመች ስፌት መጀመሪያውኑ እንዳይሠራ ማድረግ ከማናቸውም መሣሪያ ይበልጣል፤ ይህም የሚወሰነው በንድፉ ጊዜ ነው።

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ ወደ ሰው ይመለሳል። የብራና መጽሐፍ የጻፈ ሰው ጽሑፉን ራሱ ቢያነበው የራሱን ግድፈት ያልፈዋል፤ እጁ የሳተውን ዓይኑም ይስተዋልና። ስለዚህ ሌላ ሰው አብነቱን ይዞ ያርመዋል። በብየዳም እንዲሁ ነው። ሠሪው የራሱን ሥራ ይመረምራል፤ መመርመርም ይገባዋል። የአሜሪካ የብረት ብየዳ ደንብ ግን የሥራ ተቋራጩን መርማሪና የአሠሪውን አረጋጋጭ መርማሪ ለይቶ ይጽፋል። ሁለተኛውን ከፍሎ የሚያቆመው አሠሪው ራሱ ነው። ተቋራጩ ደመወዙን የሚከፍለው መርማሪ ‹‹ይህ ስፌት ተፈንቅሎ ይደገም›› ብሎ ሲጽፍ የሚቀጣው የራሱን ጌታ ነው፤ ይህን በየቀኑ የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው። መርማሪውም ማንም ሰው አይደለም። ዓለም አቀፉ ደንብ መርማሪዎችን በሦስት ደረጃ ይከፍላቸዋል፤ በእያንዳንዱም ዘዴ ለየብቻ ይፈተናሉ፤ ከቅርብ ለማየት የሚበቃ ዓይን እንዳላቸውም በየዓመቱ ይረጋገጣል። በድምፅ ሞገድ የተፈተነ ሰው የራጅ ፊልም ሊፈርድ አይችልም። እንግዲህ የምስክር ወረቀት ያለው ሰው ሲቀርብ ‹‹በየትኛው ዘዴ?›› ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ይህ ነገር የውጭ አገር ወሬ ብቻ ሆኖ የሚቀር አይደለም። በኢትዮጵያም ዛሬ የትምህርት ቤት አዳራሽ፣ የእህል መጋዘን፣ የውኃ ማጠራቀሚያ ማማ በብየዳ ይሠራል። አብያተ ክርስቲያናትም ሲታነጹ የጣራውና የጕልላቱ አጥንት ብዙ ጊዜ የተበየደ ብረት ነው። ገንዘቡ ከምእመናን ሳንቲም ሳንቲም ሆኖ የተሰበሰበ ነው፤ የሚረከበውም የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ ነው። የኮሚቴው አባሎች ካህናትና ሽማግሌዎች ስለሆኑ ብረት እንዲያውቁ አይጠበቅባቸውም። ነገር ግን ብረቱ ተሠርቶ ሲያበቃ የሚቀርብላቸው አንቲሩስት ተቀብቶ፣ ሻካራው በሞረድ ተስተካክሎ፣ ቀዳዳውም አንዳንድ ጊዜ በስቱኮ ተደፍኖ ነው። እንዲህ ሆኖ የቀረበ ብረት ያማረ ነው፤ ሊመረመር ግን አይቻልም። ከዚያ በኋላ የሚፈረመው የርክክብ ወረቀት ስለ ቀለሙ ብቻ የሚመሰክር ነው።

በዚህም አንዳንድ ሰዎች ምርመራ ሥራን ያዘገያል፣ ወጪም ያበዛል ይላሉ። ነገሩ በከፊል እውነት ነው። እያንዳንዱን ስፌት በራጅና በድምፅ ሞገድ ማስመርመር ለአንድ አጥቢያ አቅም አይሆንም፤ አስፈላጊም አይደለም። ሰው በሥሩ የሚቀመጥበትን ጣራ የሚሸከሙትን ዋና ዋና መጋጠሚያዎች መሐንዲሱ በንድፉ ላይ ምልክት ቢያደርግባቸው፣ እነዚያ በመሣሪያ፣ የቀሩት ደግሞ ሁሉም በተማረ ዓይን ቢታዩ ይበቃል። በተረፈ የኪላንድ ነገር ሳይረሳ፣ ከዋናው ብረት ላይ ለመብራት መስቀያ ወይም ለደወል ማሰሪያ ተብሎ በኋላ የሚለጠፈው ትንሽ ብየዳም ከዋናው እኩል ይታይ፤ ያለ መሐንዲሱም ፈቃድ አይለጠፍ።

የወጪውን ነገር የሚወስነው ውሉ ነው። የአሜሪካው ደንብ እንደሚለው፣ በመሣሪያ የሚደረገው ምርመራ በመጀመሪያው ውል ላይ ሳይጻፍ ቀርቶ አሠሪው በኋላ የጠየቀው እንደ ሆነ ወጪውን የሚችለው አሠሪው ነው። ይህ ለተቋራጩ የተደረገ አድልዎ አይደለም፤ ያልተነገረውን ዋጋ ሊያሰላ አይችልምና። ስለዚህ ጨረታ የሚያወጣ ሹም የትኛው ስፌት፣ በየትኛው ዘዴ፣ ከመቶው ስንቱ፣ በማን እንደሚመረመር፣ የወደቀውንም ስፌት ማን ፈንቅሎ እንደሚደግመውና እንደሚያስመረምረው ከፊርማው በፊት ያጽፍ። ‹‹በጥሩ ሁኔታ ይበየዳል›› የሚለው ቃል በብዙ ውል ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ በፍርድ ቤት ፊት ግን ምን ማለት እንደ ሆነ ሁለት ሰው አንድ ዓይነት አድርጎ አይተረጕመውም።

ደግሞ ስለ ቀኑ። ብየዳው ሲቀዘቅዝ ደኅና የነበረ ስፌት በሁለተኛው ቀን ተሰንጥቆ ሊገኝ ይችላል። በብየዳው ጊዜ ከእርጥበት የገባው ሃይድሮጅን የተባለው አየር በብረቱ ውስጥ ቀስ ብሎ እየሄደ የጠነከረውን ስፍራ ይሰነጥቃልና። በዚህ ምክንያት በዚያው በአሜሪካው ደንብ እጅግ ጠንካራ የሆኑት አንዳንድ የብረት ዓይነቶች ብየዳው ካለቀ 48 ሰዓት ሳይሞላ የመጨረሻ ምርመራ አይደረግባቸውም። ለለዘበው ብረት ይህን ያህል መቆየት ግድ አይደለም። ነገር ግን ተቋራጩ ያመጣው ብረት የትኛው ዓይነት እንደ ሆነ ከወረቀቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ቀለም ቀቢው ሁለት ቀን ቢጠብቅ፣ አሠሪው የሚጐዳው የአንድ ቀለም ቀቢ የሁለት ቀን ደመወዝ ነው።